ላም አለኝ በሰማይ፣ ኢ-ለርኒንግ አለኝ በሰርቨር

እስቲ ከአንድ ክፍል ልጀምር።

ክፍሉ ስሙን በማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከላይብረሪው ጀርባ ካለው ሕንፃ ምድር ቤት ነው የሚገኘው። በሩ ላይ «ኢ-ለርኒንግ ሴንተር» ይላል። ውስጡ አርባ ኮምፒውተሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ገሚሶቹ ከፋብሪካ ሲመጡ የለበሱት ፕላስቲክ እንኳ አልወለቀላቸውም። ግድግዳው ላይ ማዕከሉ ሲመረቅ፣ ሪቫን ሲቆረጥ የተነሳ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በፎቶው ላይ ካሉት ሰዎች አንዳቸውም አሁን ግቢው ውስጥ የሉም። ፕሬዚዳንቱ ተቀይረዋል፣ ፈረንጁ የፕሮጀክት አስተባባሪ አገሩ ገብቷል፣ መቀሱን በትሪ ይዛ የቆመችው ልጅም ተመርቃ ሄዳለች። የቀሩት ኮምፒውተሮቹና ፕላስቲኩ ናቸው።

እዚያ ግቢ ጀማሪ መምህር ሆኜ ስቀጠር ወዲያው «የኢ-ለርኒንግ ኮሚቴ አባል» ተደረግሁ። መስፈርቱ ግልጽ ነው፦ ወጣት ነኝ፣ ላፕቶፕ አለኝ። ኮሚቴው በዓመት ሁለቴ ይሰበሰባል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈራረማል፣ ይበተናል። እኔም ፈርሜ እበተን ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደየቤተሰባቸው ተሸኙ። «ትምህርቱ በኦንላይን ይቀጥላል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ የምሩን ተሰበሰበ። ሰርቨሩ ተከፈተ፤ ማለቴ፣ ሊከፈት ተሞከረ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የመተኪያው የግዢ ጥያቄ «በጀት የለም» ተብሎ ተመልሷል። መብራት የመጣ ዕለት ሶፍትዌሩ ተነሳልን፤ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ የሚያውቀው ግን የጫነው መምህር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለፒኤችዲ ውጭ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። በፌስቡክ አፈላልገን አገኘነው፤ የእግዜር ይስጠው፣ ላከልን። ገባን። ውስጡ ስንት ኮርስ ብናገኝ ጥሩ ነው? አንድ። እሱም «ቴስት» የሚል ርዕስ ያለው ባዶ ኮርስ።

ይሄ ቢያስቅም ያሳቀኝ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ተማሪዬ ደወለልኝ። ቤተሰቦቹ ያሉበት ቀበሌ ኔትወርክ ስለሌለ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው የሚደውለው፤ ነፋሱ በስልኩ ይሰማኛል። «መምህር፣ የላኩልን ፋይል 80 ሜጋ ይላል። እኔ ያለኝ የአስር ብር ካርድ ነው። የትኛውን ገጽ ላውርድ?» አለኝ።

ፋይል በገጽ እንደማይወርድ ነገርኩት። «እሺ መምህር» ብሎ ዘጋው። ይሄ «እሺ» እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ይህን ጽሑፍም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ሦስቱ የሰማይ ላሞች

አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ሳተላይት ሳይፈለሰፍ ነው። ነቢይ ነበሩ ማለት ነው። ምክንያቱም የአገራችን የርቀት ቴክኖሎጂ ትምህርት ታሪክ ቃል በቃል የሰማይ ላም ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዋ ላም የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ ትባላለች። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው ፕሮጀክት ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ፕሮፌሰሮች ያስተምራሉ፣ ትምህርቱ በሳተላይት ይወርዳል፣ የአፍሪካ ተማሪ ዲሽ ካለበት ክፍል ቁጭ ብሎ ይማራል። ኢትዮጵያም ገብታበት ነበር። ልብ በሉ፤ ስሙ «የአፍሪካ» ይሁን እንጂ መቀመጫው ዋሽንግተን ነበር። ወደ ናይሮቢ የዞረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በስምምነት የራሳቸው ድርጅት ያደረጉት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላሟ ተገዛች፣ ቀጥሎ በረቱ ታሰበ፣ መጨረሻ ላይ «የማን ናት?» ተባለ።

ሁለተኛዋን ላም እናንተም ታውቋታላችሁ፤ ከፊታችሁ ቆማ አስተምራችኋለች። ፕላዝማ! በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባችው፣ ትምህርቷ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የምትመጣው ፕላዝማ። ዩኒቨርሲቲ አይደለም ብላችሁ አትለፉኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፕላዝማዋ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ እኛ ገና ጥያቄውን ሳንገለብጥ «ጎበዝ፣ ትክክል ናችሁ!» ትለናለች። ማንም አልመለሰም እኮ! መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ይጠብቃል። ሃያ ዓመት ያስተማረ የሒሳብ መምህር በአንድ ጀንበር ቴሌቪዥን አብሪና አጥፊ ሆነ። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት ዳግም አይመጣም፤ ሳተላይቱ ለማንም አይቆምም።

ሦስተኛዋ ላም ከህንድ መጣች። የህንዱ ፕሬዚዳንት አብዱል ከላም (ስማቸው ውስጥ «ላም» መኖሩ የኔ ጥፋት አይደለም) እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረቡት ሐሳብ የተወለደው የፓን-አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ ነው። ኢትዮጵያ የሙከራው አገር ሆና በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል ተጀመረ። አዲስ አበባና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከህንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኙ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከህንድ ሐኪሞች ጋር። ሐቀኛ ልሁንና፣ የተማሩበት አሉ፣ ዲግሪ ያገኙበት አሉ፤ መልካም ሥራ ነበር። ግን ወጪውን የሚከፍለው የህንድ መንግሥት ነው፤ የከፈለውም ለተወሰነ ዘመን ነው። ዘመኑ ሲያበቃ በእጃችን የቀረው የራሳችን ኮርስ፣ የራሳችን አዘጋጅ፣ የራሳችን ቴክኒሽያን ስንት ነው? እንግዲህ ቁጠሩ።

ሦስቱን ላሞች አንድ የሚያደርጋቸው ሳተላይቱ አይመስለኝም። ትምህርቱን ያዘጋጀው ሌላ ነው፣ ሰዓቱን የሚወስነው ሌላ ነው፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ነው። ለእኛ የቀረልን መቀሱን በትሪ ይዞ መቆም ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? አደመቀን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያ ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው።

የሦስተኛው ዓመት ጥያቄ

«ዘላቂ ልማት»፣ «ዘላቂ ኢ-ለርኒንግ»፣ «ዘላቂነቱ የተረጋገጠ» የሚሉት ቃላት በየፕሮፖዛሉ አሉ። «ዘላቂ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን የጠየቀ አላየሁም። እኔ አንድ መለኪያ አለኝ፤ የሦስተኛው ዓመት ጥያቄ እለዋለሁ፦ ፕሮጀክቱ በተመረቀ በሦስተኛው ዓመት፣ ባትሪው የሞተ ቀን፣ የሚከፍለው ማን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የአገራችንን የበጀት አሠራር ለሚያውቅ ግን የሞት ፍርድ ነው። ሰርቨርና ኮምፒውተር የሚገዛው በካፒታል በጀት ወይም በለጋሽ ገንዘብ ነው። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሪፖርት ያሞቃል፣ ሪቫን ያስቆርጣል። ባትሪ፣ ሃርድ ዲስክ፣ የኢንተርኔት ክፍያና የቴክኒሽያን ደመወዝ ግን ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው። መደበኛ በጀት ደግሞ ተማሪ የሚበላበት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ ከዩፒኤስ ባትሪና ከካፌው ሽሮ አንዱን ምረጥ ቢባል ምን ይመርጣል? እኔም ብሆን ሽሮውን ነው የምመርጠው። ተማሪ ካልበላ ግቢ ይረበሻል፤ ሰርቨር ካልበራ ማንም አይረብሽም። ለዚህ ነው ሰርቨሮቻችን ድምፅ ሳያሰሙ የሚሞቱት።

አሁንም ትልቅ ፕሮጀክት መጥቷል። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ፣ በአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና በአገር ውስጡ ሻያሾን አስፈጻሚነት የተጀመረው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በኢ-ለርኒንግ ለማጠናከር የታሰበው የአምስት ዓመት ፕሮግራም። ከቀደሙት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የእኛን መምህራን ማሠልጠንና ኮርሶችን በእኛው መምህራን ማዘጋጀት ውስጡ አለበት፤ ትክክለኛው መንገድም ይሄ ነው። ስለዚህ ላፈርሰው አልመጣሁም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ በስድስተኛው ዓመትስ? የስድስተኛው ዓመት ሒሳብ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ በጀት፣ በየትኛው መደብ ተይዟል? መልስ ያለው ሰው ካለ በአደባባይ ይንገረን። ከሌለ ፎቶ አንሺውን አሁኑኑ ጥሩት፤ አራተኛዋ ላም እየመጣች ነው።

ኮርሱን ማን ይሥራው?

ኮምፒውተር መግዛት ቀላል ነው። ከባዱ ኮርስ መሥራት ነው። አንድን ትምህርት በአካል ከማይገኝ ተማሪ ጋር በሚግባባ መልክ ማዘጋጀት ማለት ሃንድአውት ስካን አድርጎ መጫን ማለት አይደለም። ማስታወሻው፣ መልመጃው፣ የመልመጃው መልስ፣ ተማሪው የሚሳሳትበት ቦታ፣ ሲሳሳት የሚመለስበት መንገድ፤ ይሄ ሁሉ ወራት ይፈጃል።

ታዲያ መምህሩ ይህን ለምን ይሠራል? ደመወዙን ታውቁታላችሁ። ሎዱ ሞልቶ ፈስሷል፤ ከሥራ በኋላ ኤክስቴንሽን ያስተምራል፣ ቅዳሜ የግል ኮሌጅ ይሮጣል። ለማዕረግ እድገት በዋናነት የሚያስፈልገው ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። ስድስት ወር ደክሞ ለሺህ ተማሪ የሚሆን ኮርስ የሠራ መምህር፣ ማንም የማያነበው ጆርናል ላይ አራት ገጽ ያሳተመው ጓደኛው ይቀድመዋል። በዚህ ላይ «ቪዲዮህን ስጠን» ሲባል «ነገ ቪዲዮው አለ፣ አንተ አታስፈልግም ብትሉኝስ?» ብሎ ይጠረጥራል። ይጠርጥር! ፕላዝማ ያደረገውን አይቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ወርክሾፕ እናዘጋጃለን። ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሦስት ቀን፣ ከነአበሉ። መምህሩ ሄዶ «ኮርስ አዘገጃጀት» ይሠለጥናል፣ ሰርተፊኬት ይወስዳል፣ ተመልሶ ሃንድአውቱን ስካን ያደርጋል። አልፈርድበትም። አበል የከፈልነው ለመሰብሰቡ ነው፤ ለሠራው ኮርስ የከፈለው ማንም የለም። ሰው የተከፈለበትን ነው የሚሠራው።

ቪዲዮ የሚሉት ቅንጦት

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትፍሩ፣ ቀላል ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት፣ በድምሩ 48 ሰዓት ነው። ይህን በመካከለኛ ጥራት ቪዲዮ ብንቀርጸው በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። 24 ጊጋ ማለት ነው። ተማሪው በሴሚስተር አምስት ኮርስ ቢወስድ 120 ጊጋ። ጉብታ ላይ የቆመው ልጅ የአስር ብር ካርዱን ይዞ 120 ጊጋ!

ያንኑ ትምህርት በድምፅ ብቻ ብንቀዳውስ? ለንግግር በሚበቃ ጥራት አንድ ሰዓት 15 ሜጋ ገደማ ነው። 48 ሰዓት 700 ሜጋ፤ አምስቱም ኮርስ ሦስት ጊጋ ተኩል። ማስታወሻውንና መልመጃውን ጨምረንበት ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይገባል። ተማሪው ሴሚስተሩ ሲጀመር ፍላሹን ወይም ሚሞሪ ካርዱን ያስሞላል፣ ይሄዳል፣ ያለ አንዳች ኔትወርክ ይማራል። መልመጃውን ለመላክ ብቻ በሳምንት አንዴ ጉብታው ላይ ይወጣል፤ እሱም በጥቂት ኪሎባይት።

ለምንድነው ታዲያ ሁሉም ፕሮፖዛል ውስጥ «ስቱዲዮ ግንባታ» የሚል መስመር የማይጠፋው? ስቱዲዮ ይመረቃል፤ ፍላሽ አይመረቅም። ሪቫን የማይታሰርበት ነገር ባጀት አያገኝም።

ግቢ ውስጥ ላለው ተማሪም ቢሆን መላው ቀላል ነው። ትምህርቱን ግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ አስቀምጡት። የግቢው ውስጣዊ ኔትወርክ ካለ ተማሪው በስልኩ ዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት ይከፍተዋል፤ የውጭው መስመር ቢቆረጥም ትምህርቱ አይቆረጥም። በአፍሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኢ-ግራነሪ የሚባለውን፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የዌብ ሰነድ በአንድ ሃርድ ዲስክ የያዘ ላይብረሪ እንዲህ ተጠቅመውበታል። ስሙ «ጎተራ» ማለት ነው። እኛ የጎተራ አገር ሆነን ሰማይ ሰማይ እናያለን።

ሶኬቱን የሚነቅለው ማን ነው?

እስካሁን ድህነትን ከሰስኩ። አሁን ድሃ ያልሆነውን ልክሰስ።

በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተናው እንግሊዝኛ ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ፈተናው ተሰረዘ። መንግሥት የወሰደው ትምህርት ምን ሆነ? የፈተና ወረቀቱን ጠብቅ ሳይሆን ኢንተርኔቱን ዝጋ። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን የአገር ኢንተርኔት ተዘጋ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ይሄ የሆነው «በኦንላይን ተማሩ» የሚለው ደብዳቤ ማኅተሙ ሳይደርቅ ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ሁለት ዓመት ያህል ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ከረመ።

ፖለቲካውን ለጊዜው እንተወው፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ላውራ። የትኛው መምህር ነው ነገ በስልክ ትእዛዝ በሚነቀል ሶኬት ላይ የሴሚስተሩን ትምህርት የሚሰቅለው? የትኛው ተማሪ ነው ፈተናው በሚላክበት ዕለት ኔትወርኩ እንደሚኖር የሚተማመነው? በአንድ እጁ «ዲጂታል ኢትዮጵያ» የሚል ሰነድ፣ በሌላው እጁ መቁረጫ የያዘ መንግሥት ኢ-ለርኒንግ አይገነባም። ትልቁ የአቅም ችግር ይሄ ነው፤ የምንም ለጋሽ ገንዘብ አይሸፍነውም።

የሠራውስ የለም?

አለ። እዚሁ ጎረቤታችን አለ። የኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ኬኔት የሚባል የትምህርት ኔትወርክ አቋቋሙ። መነሻው ላይ የውጭ እርዳታ ነበረበት፤ እንደኛው ማለት ነው። ልዩነቱ የባለቤትነት ነው። ኬኔት የአባላቱ የዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ አባላቱ ያዋጣሉ፣ ኢንተርኔቱን በጅምላ በርካሽ ይገዛሉ፣ የራሱን ኢንጂነሮች ይቀጥራል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ቢደራደር የሚያስከፍሉትን ታውቃላችሁ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲገዛ ግን ዋጋው ይወርዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያልነው እኛ፣ ያሠሩበት ኬንያውያን። እኛም የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የሚባል አለን፤ ግን በሚኒስቴር ሥር ነው። ዩኒቨርሲቲው ባለቤት አይደለም፣ ተረጂ ነው። ተረጂ ደግሞ ሲቆረጥበት ደብዳቤ ይጽፋል እንጂ ኢንጂነር አይቀጥርም።

እዚሁ አገር ውስጥም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንን ደረጃ ለማሳደግ ጤና ጥበቃ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ያዘጋጃቸው 13 ሞጁሎች አሉ። አብዛኛውን የጻፉት የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ፈረንጆቹ የርቀት ትምህርት አጻጻፍ ጥበቡን አካፈሉ። ትምህርቱ በወረቀት ታትሞ ጤና ኬላዋ ድረስ ሄደ፤ ሠራተኛዋ ሥራዋን ሳትለቅ ተማረች፤ ተግባሩን በአካል ተለማመደች። ጽሑፉም ማንም በነፃ ወስዶ እንዲጠቀምበት ተፈቀደ። ስቱዲዮ የለ፣ ሳተላይት የለ። ያንን ወረቀት ነገ ስልክ ላይ መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ዋናው ድካም፣ መጻፉ፣ አልቋልና።

ያ ፓስወርዱ የጠፋብን ሙድል የሚባል ሶፍትዌርስ? ነፃ ነው፤ የፍቃድ ክፍያ የለውም። የፈጠረው አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ልጅነቱን ያሳለፈው በረሃ ውስጥ ነው፤ የተማረውም በሬዲዮ በሚሰጥ የርቀት ትምህርት ነበር። ከትምህርት ቤት ርቆ ያደገ ልጅ የሠራው መሣሪያ ነው ማለት ነው። እንደኛ ላለ አገር ከዚህ የተሻለ ዘመድ የለም። ችግሩ ሶፍትዌሩ ነፃ መሆኑን እንጂ የሚንከባከበው ሰው ነፃ አለመሆኑን አለማወቃችን ነው።

እንዲያውም እውነተኛው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኢ-ለርኒንግ በቴሌግራም ላይ ያለው ነው። ያለ ፕሮፖዛል፣ ያለ ሪቫን ተማሪዎቹ ሠሩት። «ሶፍት ኮፒ አለህ?» ያልተባለበት ዶርም የለም። የድሮ ፈተና፣ ሃንድአውት፣ መጽሐፍ፣ ሁሉም እዚያ ይገኛል። ለምን ሠራ? ፋይሉ ትንሽ ነው፣ በተቆራረጠ ኔትወርክም ይወርዳል፣ በስልክ ይከፈታል፣ ባለቤቱም ተጠቃሚው ነው። የጎደለው መምህሩ ነው። ስህተት የሆነ መልስ ከአንድ ባች ወደሌላው ይወራረሳል፤ የሚያርመው የለም። ባለሥልጣኖቻችን ያን አጥንተው ቢሆን ኖሮ ስንት ሚሊዮን ብር በተረፈ!

ፕላስቲኩ የተቀደደ ዕለት

ያ ምድር ቤት የነበረው ክፍል በመጨረሻ ተከፍቷል። ፕላስቲኩም ተቀዷል። መቼ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ሲሰጥ።

ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 41 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል 17 በመቶ ገደማ። የትምህርት ጥራት ወድቋልና ፈተናው አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም፤ መስተዋት መስበር ፊት አያሳምርም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለማስተማር «በጀት የለም» የተባለለት ባትሪ ለመፈተን ተገኘ። ለማስተማር ያልተነሳው ሰርቨር ለመፈተን ተነሳ። አንዳንዱ ተማሪ ግቢው ውስጥ ያንን ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው ሊፈረድበት ሲቀመጥ ነው።

ስለዚህ «አገሪቱ አቅም የላትም» አትበሉኝ። አቅም አላት፤ ያሳየችው ለመጣል ሲሆን ነው እንጂ ለማንሳት ሲሆን አይደለም።

ለሚቃወሙኝ

«ረሃብ ባለበት አገር ኢ-ለርኒንግ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ በሚደርስበት ላይብረሪ፣ ትምህርቱን በፍላሽ መስጠት ነው ቅንጦት? በጦርነት ግቢው ተዘግቶበት ዓመታት የተቃጠሉበት ተማሪ አለ። ለእሱ በቤቱ ሊማርበት የሚችል ነገር ቢኖረው ቅንጦት አይሆንበትም ነበር፤ ዕድሜው ነበር።

«የርቀት ትምህርት ዲግሪ መቸርቸሪያ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ቸርቻሪ ሞልቷል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት በዚሁ ምክንያት የከፍተኛ ትምህርትን በርቀት መስጠት በጅምላ ከልክሎ ነበር፤ በኋላ ግን አላላው። ያ መንገድ ምን አተረፈ? ቸርቻሪውን ለይቶ መያዝ ሥራ ይጠይቃል፤ ሁሉንም መዝጋት ደብዳቤ ብቻ ይበቃዋል። ደብዳቤ የሚወድ ቢሮ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል።

«ታገሱ፣ ፋይቭ ጂ እየገባ ነው» የሚሉት ደግሞ የከተማ ልጆች ናቸው፤ እኔና እናንተ ማለት ነው። ካፌ ቁጭ ብለን በዋይፋይ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ እንከታተላለንና አገሩ ሁሉ እንደኛ ይመስለናል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሞላው ተማሪ ግን ጉብታ ላይ የሚወጣው ነው። ለእሱ የማይሠራ ሥርዓት ለእኛ ቢሠራ ትርፉ ልዩነቱን ማስፋት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ብሶት ብቻ አውርቶ መሄድ የእኛ ትውልድ በሽታ ነው ይሉናል፤ ስለዚህ አምስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ በየዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ውስጥ ለኢ-ለርኒንግ ጥገናና ለሰው ኃይል ራሱን የቻለ መደብ ይኑር። መደቡ የሌለው ዩኒቨርሲቲ የለጋሽ ሰርቨር አይቀበል። ስጦታም ቢሆን እምቢ ይባል።

ሁለተኛ፣ በጓደኛ መምህራን ተገምግሞ ያለፈ ኮርስ ለማዕረግ እድገት እንደ ጆርናል ጽሑፍ ይቆጠር። ኮርሱን ለሚሠራው መምህር ሎድ ይቀነስለት። ለወርክሾፕ አበል የሚወጣው ግማሹ ለተጠናቀቀ ኮርስ ይከፈል።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ኮርስ ያለ ኢንተርኔት፣ በርካሽ ስልክ፣ ፍላሽ ላይ የሚሠራ ቅጂ ከሌለው ተጠናቀቀ አይባል። ቪዲዮው ይኑር፤ ግን ቅመም እንጂ እንጀራ አይሁን።

አራተኛ፣ በሕዝብና በለጋሽ ገንዘብ የተሠራ ኮርስ ሁሉ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ጅማ የተሠራውን የባዮሎጂ ኮርስ የሰመራ ተማሪ ለምን ድጋሚ እስኪሠራለት ይጠብቃል? ኔትወርኩንም ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በማኅበር ይያዙት።

አምስተኛ፣ ኢንተርኔት መዝጋት ይቁም። ይሄኛው ምንም በጀት አይጠይቅም። እጅ መሰብሰብ ብቻ ነው።

ከአምስቱ አንዱም ሪቫን እንደማያስቆርጥ አውቃለሁ። ለዚህም ነው የማይደረገው ብዬ የምፈራው።

ያ ተማሪዬ ትምህርቱ ሲከፈት ተመልሶ መጣ። ያንን 80 ሜጋ ፋይል ግን አላነበበውም፤ ግቢ ሲደርስ ከጓደኛው በፍላሽ ወሰደው። ከፍቶ ሲያየው ለካ ስካን የተደረገ ሃንድአውት ነው፤ ጽሑፍ ብቻ፣ ሠላሳ ገጽ። በወጉ ተተይቦ ቢላክለት ኖሮ ግማሽ ሜጋ እንኳ አይሞላም ነበር፤ የአስር ብር ካርዱ ከበቂ በላይ ይሆን ነበር። ስካን አድርጎ የላከው ደግሞ ማን መሰላችሁ? የኮሚቴው አባል፣ እኔ ነኝ። መተየቡ ሰልችቶኝ ነው።

ቸር ያሰንብተን።